በሮም በኩል ያልጻፍኩት ቲኬት

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ለሥልጠና ወደ ብራዚል ልትሄድ ሆነና መንገዷን እዚሁ ቤቴ፣ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀምጣ መረጠች። ስልኳን በአውራ ጣቷ እየገፋች «ይኼ ስምንት ሰዓት ያስጠብቃል፤ ይኼ ደግሞ ሁለት ቦታ ያስወርዳል፤ በቃ ይኼን ወሰድኩት» አለችና ጨረሰች። ሻዬን ገና አላጋመስኩትም ነበር። «የሚቀጥለው አውሮፕላን ቢያመልጥሽ ከሱ በኋላ ሌላ አለ ወይ?» አልኳት። «ጋሼ ደግሞ! ቢያመልጠኝ በሌላ ያሳፍሩኛል» አለችኝና ሳቀች። ሠላሳ ዓመት ያህል እንጀራ የበላሁበትን ሙያ ነው እንግዲህ በአውራ ጣቷ ገፋ ያደረገችው። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ደስ አለኝ ማለት ይቻላል፤ እሷ ብትሳሳት የምትሳሳተው በራሷ ላይ ነው። እኔ የተሳሳትኩት ግን በሰው ልጅ ላይ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ በነበረች አንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ቤቴ ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ስለሆነ ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ዳገቱን እያለከለክሁ እመለሳለሁ። የቢሮዋ ባለቤት አርመናዊ ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ቢሮዋ ተወረሰችና እሳቸው አገር ለቀው ሄዱ፤ የመጨረሻ ቲኬታቸውን የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ። በቦታቸው የተሾመው ጓድ ሥራ አስኪያጅ ቀደም ሲል የስኳር እደላ ያስተዳድር የነበረ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። እኔም ፈሪ ነበርኩ፤ ልዩነታችን እሱ ፍርሃቱን አለመደበቁ ነው። ደሞዛችንም ያው የመንግሥት ደሞዝ ሆነ፤ ስለሱ ብዙ የሚወራ ነገር የለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ወርቁ ናቸው። ከአርመናዊው ዘመን ጀምሮ በቢሮዋ የነበሩ፣ ቀድሞ የቴሌግራም ሠራተኛ የሆኑ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም ቢሆን ከረባታቸውን የማያላሉ ሰው ነበሩ። አውሮፕላን ላይ አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም። ይህን ሲነግሩኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም የአቴንስን አውሮፕላን ጣቢያ እኔ ሠፈሬን ከማውቀው በላይ ያውቁታል። ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ፓስፖርት የሚያዩት ሰዎች በምን በምን እንደሚቆጡ ይነግሯችኋል። ይህን ሁሉ ያወቁት በመጠየቅ ነው። ቲኬት የጻፉለትን ሰው ሁሉ ሲመለስ ቢሮ መጥቶ እንዲያጫውታቸው ቃል ያስገቡታል። ሰውየው ይመጣል፤ ወንበር ይሰጡታል፤ ሳያቋርጡ ይሰሙታል፤ ከዚያ የነገራቸውን አንድ ወፍራም ደብተር ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። «ተመላሹን ካልጠየቅን የሚቀጥለውን ሰው በምን እንመክረዋለን?» ይሉ ነበር።

የበረራ ሰሌዳው መጽሐፍ በየወሩ ይመጣልናል። ጡብ የሚያህል፣ ፊደሉ ዓይን የሚያፈዝ መጽሐፍ ነው። እኔ ተጓዡ ገና በሩ ላይ እያለ መጽሐፉን ገልጬ ማስመሪያዬን መስመሩ ሥር አጋድም ነበር። ጋሼ ወርቁ መጥተው ይዘጉብኛል። «መጀመሪያ ሰውየውን አንብብ» ይሉኛል። እሳቸው መጽሐፉ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጠይቃሉ፦ እዚያ ማን ይቀበልዎታል? ምን ቋንቋ ይሰማሉ? ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ይጾማሉ? ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያዩ ይደነግጣሉ? ሰውየው ያልጠበቀው ጥያቄ ነውና መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጉዳዩን ሁሉ ይዘረግፋል። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉ የሚገለጠው።

የመንገድ ምርጫቸውም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሰዓቱ ያጠረው መንገድ ሁልጊዜ አይሻልም፤ የሚያስደነግጥ ነገር ያነሰበት ነው የሚሻለው። በዕለቱ የመጨረሻ ለሆነች አውሮፕላን ተጓዥ አይሰጥም፤ ብትቀር ከኋላዋ ሌላ የለምና። ልጅ ለያዘ ሰው በሁለቱ አውሮፕላኖች መካከል ሦስት ሰዓት ይተውለታል፤ ለሽማግሌ ሁለት ይበቃል። ነገር ቢበላሽ ተጓዡ ቪዛ ስለሌለው ከአውሮፕላን መጠበቂያው አዳራሽ መውጣት የማይችልበት ከተማ ካለ፣ ደብተራቸው ላይ በቀይ እርሳስ ያሰምሩበታል። በቀይ የተሰመረ ከተማ የሚመረጠው ሌላ መንገድ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሲሆን ደግሞ ሦስት ወንበር ይደረድራሉ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ መቀየሪያው ከተማ፣ አንዱ መድረሻው ነው። ተጓዡ ሻንጣውን ይዞ፣ ቲኬቱን እያሳየ፣ ከወንበር ወደ ወንበር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከእንጦጦ ማርያም የመጡ መነኩሲት ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ አቴንስ የተባለችው ወንበር ላይ ተቀመጡና ዙሪያውን አይተው «እዚህ አገር ውሃ የሚሰጥ ሰው የለም?» አሉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ወርቁ ግን አልሳቁም። ውሃ አምጥተው ሰጧቸውና ደብተሩን ገልጠው «ለአዛውንቶች፦ ውሃ ከየት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይነገር» ብለው ጻፉ። ጡረታ ሲወጡ ያንን ደብተር ለእኔ ሰጡኝ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ነገሮች ሁሉ እንደዚያ ያኮራኝ የለም።

በሠፈር ስሜ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቤቴ ይመጣል። ያን ጊዜ ከአገር መውጣት እንዲህ ቀላል አልነበረም። የቀበሌው ደብዳቤ አለ፣ ዋስ አለ፣ የመውጫ ቪዛ አለ። ሰው እኔ ዘንድ ሲደርስ ወራት ሲንከራተት ከርሞ ደክሞት ነው። ስለዚህ ያልኩትን ሁሉ ያምነኛል። በየትኛው አየር መንገድ፣ በየትኛው ከተማ ብለው አይከራከሩኝም፤ «እርስዎ ያውቃሉ» ብለው ይሄዳሉ።

ዊንጌት አካባቢ የሚኖር አንድ አስተማሪ ነበር፤ ስሙን አልጽፍም። ለትምህርት ወደ አንድ የሶሻሊስት አገር ሲላክ በሮም በኩል ጻፍኩለት፤ ከሁሉ የተሻለው መንገድ እሱ ነበርና። ሮም ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ከሳምንት በኋላ ሁለት ሰዎች ቢሮ መጥተው ወሰዱኝ፤ ስምንት ቀን አቆዩኝ። የጠየቀኝ ሰው አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። «መንገዱን የመረጥከው አንተ ነህ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ለምን በሮም?» አለኝ። እኔም እንደ ሞኝ ስለ ሙያዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ በሁለቱ አውሮፕላኖች መካከል ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ፣ ከኋላ ሌላ አውሮፕላን እንዳለ፣ ቪዛ እንደማይጠይቅ። ታግሦ ሰማኝና አንድ ነገር ጻፈ። «ሌላም መንገድ ነበር ማለት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነበር። በማግሥቱ ለቀቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማስበው ማን እንደሚቀበለው ሳይሆን፣ ይኼ ሰው መንገድ ላይ ቢቀር ምን ብለው ይጠይቁኛል የሚለውን ሆነ። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘኝም። ሥራ አስኪያጃችን እንኳ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በራሴ ጊዜ፣ በራሴ እጅ ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ሁሉ መንገደኛ ወርዶ በማይቀርባቸው ወዳጅ የሶሻሊስት አገሮች በኩል መላክ ጀመርኩ። ሰዎቹ ይንገላታሉ እንጂ ይደርሱ ነበር። ስለዚህ ኅሊናዬ ብዙ አልቆረቆረኝም።

አንድ እሑድ አልማዝ የምትባል የሠፈራችን ወጣት እናት ከባሏ እህት ከእትዬ ብርቄ ጋር መጣች። መካከላቸው ሂሩት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለች፤ የአልማዝ አንድዬ ናት። ልጅቱ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ከትልቁ መንገድ እስከ ቤቴ ያለችውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ አርፋ ነው የጨረሰቻት፤ ስትገባ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ግድግዳዬ ላይ አውሮፕላን ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቆማ አየችውና «አውሮፕላን ውስጥ ዳገት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኳት። «እንግዲያው እችላለሁ» አለችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። የአልማዝ ባል ጉደታ አናጢ ነበር፤ የጸሎት ቤታቸው ሲዘጋ አራት ወር ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። የእምነት ወዳጆቻቸው ስዊድን አገር ሆስፒታል አግኝተው ለሂሩት የቀዶ ሕክምና ቀን አስይዘውላታል። የሐኪሞች ቦርድ ፈቅዷል፤ የመውጫ ቪዛው ለእናትና ልጅ ብቻ ተሰጥቷል። ጉደታ እዚሁ ይቀራል፤ ባይመለሱ ተጠያቂው እሱ እንደሆነ ፈርሟል። እንግዲህ አልማዝ ባሏን ትታ እንደማትቀር እኔም አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል። ግን ጴንጤ፣ ታስሮ የተፈታ፣ ስዊድን የሚሉት ሦስት ቃላት ጭንቅላቴ ውስጥ ተደርድረው ያ ሰውዬ «ለምን በሮም?» ሲለኝ ይሰማኛል።

«ብርድ እንዳይመታብን ብቻ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ደረቷ ከተነካ ሐኪሞቹ አንነካትም ብለዋል። አንቺ ደግሞ አልማዝ፣ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳታነሺ። እንቅልፍሽ ከባድ ነው።»

«እሺ እትዬ» አለች አልማዝ።

ደብተሩንና መጽሐፉን አወጣሁ። በሮም በኩል ጠዋት ተነሥተው፣ ሮም ሦስት ሰዓት አርፈው፣ በዚያው ዕለት ስዊድን ይገባሉ። ያቺ አውሮፕላን ብታመልጣቸው ከኋላዋ ሌላ አለች። ደብተሩ ላይ አንድም ቀይ መስመር የለባትም። ሌላው መንገድ በአንድ ወዳጅ አገር ከተማ በኩል ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነውና። እዚያ ደርሰው እስከ ማግሥቱ ቀትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያች አውሮፕላን በኋላ ሌላ የምትገኘው በአራተኛው ቀን ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ጋሼ ወርቁ በደቃቅ ፊደላቸው «በብርዳቸው ወራት ልጅና ሕመምተኛ በዚህ አይላክም፤ ከአዳራሹ አያስወጡም፤ አዳራሹ ይበርዳል» ብለው ጽፈው ከሥሩ በቀይ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። አነበብኩትና ደብተሩን ከደንኩት።

መንገዱን ስነግራት አልማዝ በጣቷ ቆጠረችና «ጋሼ ታደሰ፣ ከዚህ የሚያጥር የለም?» አለችኝ።

«ለእናንተ የሚሆነው ይኼ ነው» አልኳት። የለም እንዳልል ተጠንቅቄ የመረጥኩት ቃል ነው። እንደዚያ ዓይነት ጥንቃቄ ከውሸት የባሰ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እትዬ ብርቄ «እሱ ያውቃል፤ አታስቸግሪው» አሏት።

ልቤ ግን አላረፈም። በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ሽሮ ሜዳ ጋሼ ወርቁ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል፤ ከረባታቸው ግን አልቀረም። ሁለቱን መንገዶች ነገርኳቸው።

«ማን ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«እናትና ልጅ።»

«ልጁ ጤነኛ ነው?»

«ደህና ናት» አልኳቸው። አሁንም ያ ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣ አይገባኝም። ምክር ልጠይቅ ሄጄ ምክሩ እንዳይደርስብኝ ዋሸሁ።

«ደህና ከሆነችም በሮም ይሻላል» አሉኝ ጥቂት አስበው። «በዚያኛው ግድ ከሆነ ግን ከባድ ልብስ ይያዙ።» ግድ ከሆነ የምትለዋን ይዤ ወጣሁ፤ የፈለግሁት እሷን ነበርና።

ቲኬቱን በእጄ ጻፍኩት። በዚያ ዘመን ቲኬት የሚጻፈው በቀይ ካርቦን ላይ እስክሪብቶ ጠበቅ ተደርጎ ነው፤ አለበለዚያ የታችኛው ቅጠል አይታይም። ወንበሮቹን ግን አልደረደርኩላቸውም። ብደረድራቸው ኖሮ መካከለኛዋ ወንበር ላይ ሂሩትን አስቀምጬ «እዚህ እስከ ነገ ቀትር ትቆያለሽ» ማለት ይኖርብኝ ነበር። ጉደታ ቲኬቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ለመጻሕፍቴ የሚሆን መደርደሪያ ሠርቶ በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶልኝ ነበር። ያ መደርደሪያ አሁንም ሳሎኔ ውስጥ አለ።

በረዶ ወረደና ያቺ የቀትር አውሮፕላን ሳትነሣ ቀረች። እናትና ልጅ እስከ አራተኛው ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ከረሙ። ስዊድን ሲደርሱ ሂሩት ታተኩሳለች፤ ሳንባዋ ተይዟል። ሐኪሞቹ ሳንባዋ እስኪጠራ እንጠብቅ አሉ። ጠበቁ። አልጠራም። በሦስተኛው ሳምንት አረፈች፤ እዚያው ተቀበረች።

ይህን የነገረኝ ራሱ ጉደታ ነው። ቴሌግራሙን ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። «ለእርስዎ ሳልነግር አልቀመጥም ብዬ ነው» አለኝ። «የሚቻለውን ሁሉ አድርገውልናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» እጄን ጨበጠኝ። እሱም ዝምታዬን እንደ ኀዘን ወሰደውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አጽናንቶኝ ሄደ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሰው መጥቶ ደግሞ እኔን «አይዞህ» ይለኛል።

አልማዝ ከአንድ ወር በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ከጋሼ ወርቁ የተማርኩት ልማድ ሄጄ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብዬ እንድጠይቃት ነው። ሠላሳ ዓመት በሠራሁበት ሙያ ያልጠየቅኋት ብቸኛ ተመላሽ እሷ ናት። ስትመጣ ካየኋት በሌላው ቅያስ እታጠፋለሁ። ድንገት ከተገናኘን ጎንበስ ብላ «እንደምን ነዎት ጋሼ» ትለኛለች፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።

ጋሼ ወርቁ ነገሩን ከሰው ሰሙ። አስጠሩኝና ሄድኩ።

«ደህና ናት ብለኸኝ ነበር» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። «ደብተሩን አምጣልኝ» አሉኝ። በማግሥቱ ወሰድኩላቸው። ሳይገልጡት አልጋቸው ሥር አደረጉት፤ ከዚያም ስለ አየሩ ጠየቁኝ። በዚያው ዓመት ሲያርፉ ደብተሩን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ መንገዶቹን እንደ ድሮዬ በትክክል መጻፍ ጀመርኩ፤ በሮምም፣ በአቴንስም፣ በፍራንክፈርትም። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሲያንገበግበኝ የኖረው ይኼ ነው። ያቺን ልጅ አሳልፌ የሰጠሁት ላልመጣ ነገር ነው። መጥቶስ ቢሆን? ሌላ ስምንት ቀን መታሰር አልችልም ነበር? እችል ነበር፤ ችዬም አይቻለሁ። ስሜ ግን ከበፊቱ ይልቅ ተጠራ። ጉደታ ያገኘውን ሁሉ «መንገድ ከሆነ ጋሼ ታደሰ ዘንድ ሂዱ፤ ለሰው ያስባል» እያለ ይልክልኛል። የላከውን ሰው ሁሉ ከሌላው አብልጬ አስተናግደዋለሁ፤ ዕዳዬ የሚቃለል መስሎኝ። እሱም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ታሞ ሞተ። ቀብሩ ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ።

ጡረታ የወጣሁት ያ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው። ቢሮው ትንሽ ግብዣ አደረገልኝ። ሥራ አስኪያጁ ከወረቀት እያነበበ «ጓድ ታደሰ በሥራ ዘመናቸው አንድም ተጓዥ ያላማረረባቸው» አለ፤ ጭብጨባ ሆነ። በዚያው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ልብሴን ለባብሼ አልማዝ ቤት ሄድኩ።

በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ የሰው ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው። ሲንጀሩ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ተቀመጡ ብትለኝም ቆሜ ነገርኳት።

«አልማዝ፣ የሚያጥር መንገድ ነበር። በሮም። በዚያው ቀን ያደርሳችሁ ነበር። አውቄ ነው ያልጻፍኩት፤ ፈርቼ ነው።»

እጇን ከጨርቁ ላይ አነሣች። «አውቃለሁ» አለች። «ስመለስ ስዊድን ያሉት ወዳጆቻችን በሮም ነው የላኩኝ። ሦስት ሰዓት ብቻ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ይሞቃል። ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አየሁትና ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽብኝም? ለምን ዝም አልሽ?»

«የት ዝም አልኩ? ለጉደታ ነገርኩት» አለች። «ብርድ ያስመታሻት አንቺ ነሽ፤ ተኝተሽ ነው፤ እህቴ አስጠንቅቃሽ ነበር ሲለኝ፣ ሌላ መንገድ ነበር አልኩት። ጋሼ ታደሰ እያወቁ እንዲህ አያደርጉም፤ የራስሽን ጥፋት ሰው ላይ አትለጥፊ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ አላነሣሁም።»

«እስኪሞት ድረስ?»

«ሊሞት ሰሞን አንድ ጊዜ ጠይቆኛል። አሁንስ እውነቱን ንገሪኝ፣ ተኝተሽ ነበር አይደል? አለኝ።»

ምን አልሽው ብዬ ልጠይቃት ድፍረት አጣሁ። እሷም ጠበቀችኝና ራሷ ጨመረች። «አዎ ተኝቼ ነበር አልኩት። እንዲያርፍ ብዬ ነው። አልተኛሁም ነበር። አራቱንም ቀን አቅፌያት ነው የዋልኩ ያደርኩት፤ የለበስኩትን ሁሉ እሷ ላይ ደርቤ።»

ያን ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ሁልጊዜ የማዝነው ስለ ልጅቱ ነበር። እናቲቱ ባሏ ፊት፣ ቤተ ዘመዱ ፊት የእኔን ጥፋት ተሸክማ እንደኖረች አንድም ቀን አላሰብኩም። ቀደም ብዬ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ያ ሰው ሚስቱን አምኗት ይሞት ነበር። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«ይቅር ካልኩዎት ቆይቷል ጋሼ» አለችኝ። «ይቅር ባልልዎት ጌታን መለመን አልችልም ነበር። ግን እትዬ ብርቄ እስከ ዛሬ ቤቴ አይገቡም። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለሳቸው ይንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ቀጥታ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ ቀጨኔ አቀበቱ ላይ ነው የሚኖሩት፤ አርጅተዋል፤ ግን ጆሯቸው ደህና ነው። በደስታ ተቀበሉኝ። ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ስለ አስተማሪው፣ ስለ ስምንቱ ቀን፣ ስለ ሮም፣ ስለ ቀዩ መስመር፣ ለጋሼ ወርቁ ስለ ዋሸሁት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሷ ናት የላከችህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እውነቱን ነው የምነግርዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይ ታደሰ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አንተን አገር ያውቅሃል። ወንድሜ እስኪሞት ስምህን እያነሣ ሲመርቅህ ነበር። አሳዝናህ ነው እንጂ አንተ እንዲህ አታደርግም። ብላ ብላ ደግሞ ሽማግሌ ታስዋሽ ጀመር?»

«መድኃኔዓለምን እውነቴን ነው።»

«ተው፣ ተው አትማል። በሰው ጉዳይ ኃጢአት ውስጥ አትግባ።» ተነሥተው ዳቦ ቆረሱልኝ። ባልበላ ይቀየማሉና ትንሽ ቀመስኩ። በር ድረስ ሸኝተው «ልብህ መልካም ስለሆነ ነው» ብለው መረቁኝ።

ወደ አልማዝ ተመልሼ ገባሁ። የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ በሩን እያየች ተቀምጣ ነበር።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«አላመኑኝም።»

ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባች። «እንግዲህ ያልታመንነው ሁለት ሆንን» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።